ሰማንያ ስምንት ቀን

ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው የአውስትራሊያን ምድር በሚያካልሉ የውጭ አገር ወጣቶች ዘንድ 88 ቁጥርን የማያውቅ የለም። የእርሻ ሠራተኞች በሚያድሩባቸው ርካሽ ማደሪያዎች ማታ ሲገናኙ ከስም ቀጥሎ የሚጠያየቁት “ስንት ቀረህ?” ነው። አንዱ ሠላሳ ሁለት ይላል፤ ሌላው ዘጠኝ። የሚቆጠረው የሥራ ቀን ነው፤ ሙዝ የተሸከሙበት፣ እንጆሪ የለቀሙበት፣ የወይን ሐረግ የገረዙበት ቀን።

ነገሩ እንዲህ ነው። “የሥራና የዕረፍት ቪዛ” ሊባል በሚችለው ፈቃድ ወደ አውስትራሊያ የሚገባ ወጣት አንድ ዓመት እየሠራም እየተዝናናም መቆየት ይችላል። ሁለተኛ ዓመት ካማረው ግን ከታላላቆቹ ከተሞች ርቆ፣ መንግሥት ከዘረዘራቸው ሥራዎች በአንዱ ሦስት ወር፣ ማለትም ቢያንስ 88 ቀን መሥራቱን በደመወዝ ወረቀት ማረጋገጥ አለበት። ሦስተኛ ዓመት ከፈለገ ሌላ ስድስት ወር ይጨመርበታል። (እንግሊዞች ከዚህ ግዴታ ወጥተዋል፤ ወደ እነሱ እንመለሳለን።) ከዚያ በኋላ ቪዛው ያበቃል። በራሱ ወደ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያሻግር ድልድይ የለውም። ዕድሜም ልጓም ነው፤ ለአብዛኞቹ አገሮች ዜጎች ጣሪያው 30 ዓመት ሲሆን ለጥቂቶቹ 35 ነው። ይሁንና ለአንድ ዓመት ብለው ገብተው፣ ዛሬ ቤት ገዝተውና ልጅ ወልደው የሚኖሩ ሞልተዋል።

ይህ ጽሑፍ እነሱ የሄዱበትን መንገድ ለመምራት አልተነሣም፤ ያንን የሚሻ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ጸሐፊውን የሳበው ቆጠራው ነው። እንግዳን ቀን እየቆጠሩ ማሠራት፣ ቆጠራው ሲያልቅ ደግሞ “ኑር” ወይም “ሂድ” ማለት በዚያች አገር ከ160 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ነው። የቀኑ ብዛትና የመጨረሻው ቃል ግን ለሁሉም ሰው አንድ ሆኖ አያውቅም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች የተቆጠረባቸው ሦስት ዓመት ነበር። በ1863 ሮበርት ታውንስ የተባለ የመርከብ ባለቤት በኩዊንስላንድ ላስዘራው ጥጥ ለቃሚ ፈለገ። አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ትታመስ ስለነበር የጥጥ ዋጋ ንሯል። ነጭ ሠራተኛ ደግሞ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ደመወዝ አይገኝም። ታውንስ ወደ ፓስፊክ ደሴቶች መርከብ ልኮ ሰው አስጫነ። ታውንስቪል የምትባለው ከተማ እስከ ዛሬ የምትጠራው በዚህ ሰው ስም ነው። ጥጡ ብዙም ሳይቆይ ቀርቶ ሸንኮራ አገዳ ቦታውን ያዘ፤ ሰው የማስመጣቱ ንግድ ግን እስከ 1904 ቀጠለ። በእነዚያ አርባ ዓመታት 62,000 ያህል የሥራ ውል ተመዝግቧል። ተዋዋዮቹ በአብዛኛው ዛሬ ቫኑዋቱና ሰለሞን ደሴቶች ከሚባሉት አገሮች የመጡ ናቸው፤ አንዳንዱ ወዶ፣ አንዳንዱ ተታልሎ፣ አንዳንዱም በግልጽ ታፍኖ። “ውል” የሚለውን ቃል እንግዲህ አንባቢ እንደመሰለው ይተርጉመው።

የውሉ ዘመን ሦስት ዓመት፣ ደመወዙ በዓመት ስድስት ፓውንድ ነበር። ሦስት ዓመቱን የጨረሰ ወደ ደሴቱ ይመለሳል፤ አለዚያም እንደገና ይዋዋላል። ብዙዎች እንደገና ተዋዋሉ። በባንዳበርግና በማካይ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ አገቡ፣ ክርስትና ተነሡ። የአባታቸውን ደሴት በወሬ ብቻ የሚያውቁ ልጆች አደጉ። እኛ አገር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የወረደ ሰው አጨዳው አልቆ ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ እዚያው ጎጆ ወጥቶ እንደሚገኘው ማለት ነው።

ስድስቱ ቅኝ ግዛቶች ተዋሕደው በጥር 1901 አንድ አገር ሲሆኑ፣ አዲሱ ፓርላማ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ሁለት ሕጎች አወጣ። አንደኛው ነጭ ያልሆነውን ከደጅ ለመመለስ የተዘጋጀው የኢሚግሬሽን ገደብ ሕግ ነው። ሁለተኛው በቀጥታ እነዚህን የደሴት ሰዎች የሚመለከት ነበር፤ ከመጋቢት 1904 በኋላ አዲስ ሠራተኛ እንዳይገባ፣ ከ1906 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ያሉት እንዲባረሩ ያዝዛል። የማካይ ደሴተኞች ማኅበር አቋቁመው ተቃወሙ፤ አቤቱታ ጻፉ። በመጨረሻ ሃያ ዓመት ሳያቋርጡ የኖሩ፣ ያረጁ፣ የታመሙና ጥቂት ሌሎች እንዲቀሩ ተፈቀደ። ከ7,000 በላይ የሚሆኑት ግን በመርከብ እየተጫኑ ተመለሱ። ከሁሉ የሚዘገንነው፣ የታሪክ ተመራማሪዎች እንደጻፉት፣ በውላቸው ዘመን የሞቱት ደሴተኞች ያልተከፈለ ደመወዝ ከፊሉ ሕያዋኑን ለማባረሪያ መዋሉ ነው።

የኢሚግሬሽን ገደብ ሕጉ “ጥቁር አይግባ፣ ቢጫ አይግባ” ብሎ አልጻፈም፤ ለንደን እንዲያ ያለውን ግልጽ አነጋገር አልወደደችውም ነበርና። ስለዚህ ፈተና ተፈለሰፈ። ሹሙ በአንድ የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃል ያህል ያነብባል፤ መጤው አሳምሮ መጻፍ አለበት። ቋንቋውን የሚመርጠው ሹሙ ነው። ቻይናዊው እንግሊዝኛ ቢያውቅ በጀርመንኛ፣ ጀርመንኛ ቢያውቅ በሌላ ይፈተናል። ከ1909 በኋላ ይህን ፈተና ያለፈ ሰው የለም። ፈተናው ግን እስከ 1958 በሥራ ላይ ቆየ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የሙያ ባልደረባችን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1934 ኤጎን ኪሽ የተባለ በፕራግ የተወለደ ጋዜጠኛ በፀረ ጦርነት ስብሰባ ላይ ሊናገር ወደ አውስትራሊያ መጣ። መንግሥት ከመርከቡ እንዳይወርድ አገደው። ሜልበርን ወደብ ላይ መርከቧ ልትነሣ ስትል ኪሽ ከላይ ወደ ወደቡ ዘለለና እግሩን ሰበረ፤ ፖሊሶች አንሥተው መርከቡ ላይ መለሱት። ሲድኒ ሲደርስ ፈተናው ቀረበለት። ሰውየው ብዙ የአውሮፓ ቋንቋ የሚያውቅ በመሆኑ ሹማምንቱ አስበው አስበው የስኮትላንድ ጌሊክን መረጡለት። ወደቀ። ነገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰና ዳኞቹ ጌሊክ በሕጉ አነጋገር “የአውሮፓ ቋንቋ” ሊባል አይችልም ብለው ፈረዱለት። በስኮትላንዶች በኩል ይህ ፍርድ ያስነሣውን ቁጣ አንባቢ ሊገምት ይችላል።

ለጉዳያችን ዋናው ግን ፈተናው ሳይሆን ከፈተናው ነፃ የሚያደርገው ወረቀት ነው። የአገሪቱ ሹማምንት ነጋዴ፣ ተማሪ ወይም የሱቅ ረዳት ሲያስፈልጋቸው ለተወሰነ ጊዜ ከፈተናው ነፃ የሚያደርግ የምስክር ወረቀት ይሰጡ ነበር። ወረቀቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰም ባለቤቱ ይወጣል። የዛሬው ጊዜያዊ ቪዛ አያት ይህ ወረቀት ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ሰው በወረቀቱ ሃያና ሠላሳ ዓመት እያሳደሰ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ “ነዋሪ” ሳይባል ሊያረጅ ይችል ነበር።

ወረቀቱ ራሱ ፍርድ ቤት የቆመበት ጊዜም አለ። ወይዘሮ አኒ ኦኪፍ ኢንዶኔዥያዊት ናቸው። በ1942 የጃፓን ጦር ሲገፋ ከነባለቤታቸውና ከነልጆቻቸው ሸሽተው አውስትራሊያ ገቡ። ባለቤታቸው በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወይዘሮዋ ሜልበርን ውስጥ ቤት ያከራዩዋቸውን አውስትራሊያዊ አገቡ። በ1949 የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ አርተር ካልዌል ከነልጆቻቸው ይውጡ ሲሉ አዘዙ። ጦርነቱ አልቋልና የእንግድነቱም ዘመን አልቋል ነው ነገሩ። ወይዘሮዋ ከሰሱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገቡን ሲያገላብጥ ሴትዮዋ ሲገቡ ፈተናውን ያቀረበላቸው አልነበረም፤ በኋላ የተሰጣቸው ወረቀት ደግሞ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መንግሥት የሚያባርርበት ሕጋዊ መሠረት የለውም ተብሎ ተፈረደላቸው። ካልዌል አልተቀበሉትም፤ የጦርነት ጊዜ ስደተኞችን የሚያስወጣ ልዩ ሕግ በዚያው ዓመት አሳወጡ። ደግነቱ በታኅሣሥ ፓርቲያቸው ምርጫ ተሸነፈ፤ አዲሱ ሚኒስትር ሃሮልድ ሆልት የቀሩትን ሰዎች እንዲኖሩ ተዉአቸው።

እኚሁ ካልዌል ግን በሌላ በኩል የአውስትራሊያን በር እንደሳቸው የከፈተ ሚኒስትር አልነበረም። በ1945 የመጀመሪያው የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ሲሆኑ አገሪቱ ከሰባት ሚሊዮን ብዙም ያልበለጠ ሕዝብ ነበራት፤ ዳርዊን ከተማ በጃፓን ቦምብ ከተደበደበች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ካልጨመረ አገሪቱ ትጠፋለች የሚለው ስጋት የመንግሥት መፈክር ሆነ። ሰው ይምጣ ተባለ፤ ነጭ እስከሆነ ድረስ።

እዚህ ላይ ቆጠራው ወደ ሁለት ዓመት ይወርዳል። ጦርነቱ አገር ያሳጣቸው አውሮፓውያን ጀርመን ውስጥ በመጠለያ ተጨናንቀው ነበር። ከ1947 ጀምሮ አውስትራሊያ ከነዚህ ውስጥ 170,000 ያህል ተቀበለች። ግዴታው መንግሥት በመደባቸው ቦታ፣ በመደባቸው ሥራ ሁለት ዓመት መሥራት ነው። የመጀመሪያው መርከብ የያዘው ከባልቲክ አገሮች የተመረጡ ወጣቶችን ነበር፤ ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ፀጉራቸው የነጣ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ የሆነው ተመርጠው። በፎርሙ ላይ ወንዱ “የጉልበት ሠራተኛ”፣ ሴቷ “የቤት ሠራተኛ” ተብላ ትመዘገባለች። ሐኪሙ ባቡር ሐዲድ ቆፈረ፤ የሕግ ምሩቁ ሸንኮራ አገዳ ቆረጠ። ይሁንና ሁለቱ ዓመት ሲሞላ “ሂድ” ያላቸው አልነበረም። አብዛኞቹ ቀሩ።

ከእንግሊዝ የመጡትም ሁለት ዓመት ነበረባቸው፤ ግን የነሱ ሁለት ዓመት ሌላ ነው። አሥር ፓውንድ ብቻ ከፍለው በመንግሥት ወጪ በመርከብ ይመጣሉ፤ ከሁለት ዓመት በፊት መመለስ የፈለገ የቀረውን የመጓጓዣ ገንዘብ ይከፍላል። ሥራ የሚመድብባቸው የለም። በዚህ መንገድ ከአንድ ሚሊዮን የማያንሱ እንግሊዛውያን ገብተዋል፤ ወደ ሩብ የሚጠጉት ሙቀቱና ዝንቡ አላስቆም ብሏቸው ተመልሰዋል ይባላል። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር በዚህ ዕቅድ ከመጡት ውስጥ ሁለቱ፣ ጁሊያ ጊላርድና ቶኒ አቦት፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል።

በዚያው ዘመን ቻይናዊው ወይም ህንዳዊው ስንት ይቆጠርበት ነበር? አሥራ አምስት ዓመት። ነጭ ያልሆነ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ አሥራ አምስት ዓመት መኖር እንዳለበት የተወሰነው በ1950ዎቹ ሲሆን ያኔ እንደ ትልቅ ቸርነት ነበር የታየው። በመጋቢት 1966 ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አለ። ለውጡን ያበሰሩት ሚኒስትር ሁበርት ኦፐርማን ናቸው። በወጣትነታቸው በቱር ደ ፍራንስ የጋለቡ ታዋቂ ብስክሌተኛ ነበሩ። በጊዜያዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው አምስት ዓመት ሲሞላው ነዋሪ ልሁን ብሎ ማመልከት የቻለው በዚያ ውሳኔ ነው። የዊትላም መንግሥት በ1973 የዘር መለኪያውን ከነጭራሹ አነሣው።

እንግዲህ የዕረፍት ቪዛው የተወለደው በዚህ ማግሥት ነው፤ ይህ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። እስከ 1974 መጨረሻ ድረስ ነጭ እንግሊዛዊ ያለ ቪዛ አውስትራሊያ ገብቶ እንዳሻው ይሠራ ነበር። ከጥር 1975 ጀምሮ እሱም እንደ ማንም ቪዛ ያስፈልግሃል ተባለ። በዚያው ዓመት ለእንግሊዝ፣ ለአየርላንድና ለካናዳ ወጣቶች የሥራና የዕረፍት ቪዛ ተጀመረ። ትልቁ በር ለሁሉም እኩል ሲጠብ ለቤተ ዘመድ የጓሮ በር ተከፈተ ማለት ነው። የተጻፈው ዓላማ የባህል ልውውጥ ነበር፤ ወጣቱ አገር ያያል፣ ስንቁ ሲያልቅበት ጥቂት ይሠራል፣ ዓመቱ ሲሞላ ወደ ቤቱ ይገባል። ዋናው ዕረፍቱ ነው፤ ሥራው ማጣፈጫ ነው። ጃፓን በ1980፣ ደቡብ ኮሪያ በ1995 ተጨመሩ። በ2012–13 የበጀት ዓመት የተሰጠው ቪዛ ከ250,000 አለፈ።

ሩብ ሚሊዮን ወጣት የአንድ አገር እንግዳ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ገበሬው ይህን ቀድሞ አስተዋለ። ፍሬ የሚበስለው በአንድ ጊዜ ነው፤ በሳምንት ካልተለቀመ ይበሰብሳል፤ የአገሩ ልጅ ደግሞ ለስድስት ሳምንት ሥራ ብሎ ከሲድኒ አይወጣም። ስለዚህ በኅዳር 2005 ሦስት ወር እርሻ ላይ ለሠራ ሁለተኛ ዓመት ይሰጠው ተባለ። ማጣፈጫው ወጥ ሆነ። ሦስተኛው ዓመት በሐምሌ 2019 ተከተለ።

ቆጠራ ባለበት ቆጣሪ አለ፤ ቆጣሪ ባለበትም ጌታና ሎሌ ይፈጠራል። የቀኑን ብዛት የሚያረጋግጠው አሠሪው ነውና ደመወዝ ቢጎድል፣ ማደሪያው ቢጠብ፣ አለቃው ባለጌ ቢሆን ሰባኛው ቀን ላይ የደረሰ ወጣት ጥሎ አይሄድም። መሐል ላይ ያለው ሠራተኛ አቅራቢ ኮንትራክተር ደግሞ ከሁለቱም ይቆርጣል። በ2017 ሁለት የሕግ ምሁራን ባወጡት ሰፊ ጥናት መሠረት ከዕረፍት ቪዛ ባለቤቶች ሲሶ ያህሉ በሰዓት 12 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ይከፈላቸው ነበር፤ ይህ ሕጋዊው ክፍያ ግማሽ ገደማ ነው። በእርሻ ሥራ ክፍያው በለቀሙት ልክ ስለነበር ዝቅተኛ ወለል አልነበረውም። በሰዓት የሚቆጠር ወለል እንዲኖረው የሥራ ጉዳይ ዳኝነት አካሉ የወሰነው በ2021 ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 2022 ነው። ግብሩም አለ። ከ2017 ጀምሮ የዕረፍት ቪዛ ያለው ሰው ከሚያገኘው የመጀመሪያ ዶላር ላይ 15 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ ለአገሬው ሰው የመጀመሪያዎቹ 18,200 ዶላር ግብር አልነበረባቸውም። አንዲት እንግሊዛዊት አስተናጋጅ ከስሳ በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዜግነት ማበላለጥ ነው ብሎ ፈረደላት።

ባንዳበርግ አጠገብ ያለችው የቻይልደርስ ከተማ በዚህ ታሪክ ሌላ ቦታ አላት። ለቀማ የመጡ ወጣቶች ያድሩበት የነበረ አሮጌ ሕንፃ በሰኔ 2000 ሌሊት በእሳት ጋየ፤ እሳቱን ሆነ ብሎ ያስነሣ ሰው ነበር። አሥራ አምስት ወጣቶች ሞቱ። አካባቢው ከመቶ ዓመት በፊት ደሴተኞቹ አገዳ የቆረጡበት ነው።

ታዲያ ለመቅረት የፈለገው እንዴት ይቀራል? ቪዛው አንድ አሠሪ ዘንድ ከስድስት ወር በላይ መሥራትን በመርሕ ይከለክላል፤ ይህ “ሥር አትስደድ” ማለት ነው። ግን ስድስት ወር ሰው ለመላመድ በቂ ነው። የገጠሩ ሆስፒታል ነርስ፣ የመንገድ ዳሩ ምግብ ቤት ሼፍ፣ የማዕድን ጉድጓዱ በያጅ ይፈልጋል፤ ቦርሳ አዝሎ የመጣው ልጅ ደግሞ እንዳጋጣሚ ነርስ ወይም በያጅ ነው። በ1996 አሠሪ የውጭ ባለሙያን ስፖንሰር የሚያደርግበት 457 የተባለ ጊዜያዊ ቪዛ ተፈጠረ። ለብዙዎች መሻገሪያው እሱ ሆነ፤ ከዕረፍት ወደ ስፖንሰር፣ ከስፖንሰር ወደ ቋሚ። 457 በ2018 ቀርቶ 482 ተተካ፤ እሱም በታኅሣሥ 2024 ስሙ ተለወጠ። ስፖንሰር የተደረገው ሰው ለቋሚነት ለመጠየቅ ሦስት ዓመት መሥራት ነበረበት፤ በ2023 መጨረሻ ወደ ሁለት ተቀነሰ። የካልዌል ሁለት ዓመት ተመልሶ መጣ ያሰኛል። አሠሪ ያልቀናው በነጥብ ይወዳደራል፤ ዕድሜ፣ እንግሊዝኛ፣ ትምህርትና የሥራ ልምድ ይደመርና ቢያንስ 65 ነጥብ ይፈለጋል። ፍቅር የያዘው በትዳር ይገባል። ይህ ሦስተኛው መንገድ በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ባይታሰብም ከሁሉ የቆየ ነው።

በትምህርት በኩል የተሞከረው መሻገሪያ ግን በአሳፋሪ ሁኔታ ተዘጋ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ምግብ አብሳይነትና ፀጉር ሥራ ለቋሚነት ከሚጠቅሙ ሙያዎች ዝርዝር ገቡ። ወዲያው በሜልበርንና በሲድኒ የማብሰያ ኮሌጅ እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ ከህንድና ከኔፓል የመጣ ተማሪ የቤተሰቡን መሬት አሲዞ ተመዘገበ። በ2010 ዝርዝሩ ተሰረዘ። በመሐል መንገድ የነበረው ሁሉ ከነዕዳው ቀረ። እንዲህ ያለው ሰው ከአንዱ ጊዜያዊ ቪዛ ወደ ሌላው እየዘለለ ዓመታት ይገፋል። በማርቲን ፓርኪንሰን መሪነት የተዘጋጀውና በ2023 የወጣው የመንግሥት ጥናት እነዚህን ሰዎች በቋሚነት ጊዜያዊ ሆነው የቀሩ ይላቸዋል። የነፃ ማድረጊያው ወረቀት ትዝ አለኝ።

ስለ እኛ ሰው የሚጠይቅ አንባቢ መኖሩ አይቀርም። ይህን የዕረፍት ቪዛ ከሚያገኙት ሃምሳ ያህል አገሮች ውስጥ ከአፍሪካ አንድም የለም። ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ አያገኘውም። በእስራኤል ፓስፖርት ግን ከ2016 ጀምሮ ይቻላል፤ ስለዚህ ጎንደር የተወለደች እናት እስራኤል ያደገች ልጅ ከሠራዊቱ ስትወጣ ቦርሳዋን አዝላ ኩዊንስላንድ ልትገባ ትችላለች፤ አዲስ አበባ የቀረው የአክስቷ ልጅ አይችልም። በሜልበርን ፉትስክሬይ ሰፈር የእንጀራ ቤት የከፈቱት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የመጡት በስደተኝነት ነው። ከውጭ ሆኖ በስደተኝነት የተመረጠ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ቋሚ ነዋሪ ነው፤ አጠገቡ ፓስፖርቱን የሚያስመታው እንግሊዛዊ ወጣት ጊዜያዊ። ቀኑ የተቆጠረበት በመጠለያ ጣቢያ ነውና አስቀድሞ ከፍሎታል። ወደ ዓረብ አገር የሄደችው እህታችን ደግሞ ኢቃማዋ ሃያ ጊዜ ቢታደስ ሃያው ዓመት ተደምሮ ነዋሪ አያደርጋትም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2019 ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ስትጀምር ዋጋውን በሥራ ዘመን አልተመነችውም፤ 800,000 ሪያል ነው።

ወደ ኩዊንስላንድ እንመለስ። በ2008 የፓስፊክ ደሴት ሰዎች ለመከር እንዲመጡ የሙከራ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ አራት አገሮች አንዷ ቫኑዋቱ ናት። ሙከራው ጸደቀ፤ ሰፋ። ለወቅት ሥራ የመጣው ሰው እስከ ዘጠኝ ወር ይለቅምና ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ሊመጣ ይችላል፤ አሥር ዓመት ቢመላለስ ግን አሥሩ ዓመት ለቋሚነት አይቆጠርለትም። እዚያው ማሳ ላይ አጠገቡ የሚለቅመው ጀርመናዊ 88ኛውን ቀን ሲደፍን ሌላ ዓመት አለው፤ በዚያ ዓመት ውስጥ አሠሪም፣ ሚስትም፣ ነጥብም ሊያገኝ ይችላል። እንግሊዛዊው ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሳይለቅም ሦስቱንም ዓመት ይወስዳል፤ ሁለቱ አገሮች በንግድ ስምምነታቸው ውስጥ የተዋዋሉት ነው።

በዚያው በ2024 ክረምት ለፓስፊክ ደሴቶችና ለምሥራቅ ቲሞር ሰዎች በዓመት እስከ 3,000 ቋሚ ቪዛ በዕጣ መስጠት ተጀመረ። ዕድሜ ከ18 እስከ 45፤ ዕጣው የወጣለት ሰው አውስትራሊያ ውስጥ የሚቀጥረው ማግኘት አለበት። ቀድሞ የለቀመበት ቀን አይጠየቅም። የዕጣው መመዝገቢያ 25 የአውስትራሊያ ዶላር ነው።